ዲስክ ቢፈጥን ቺፕ ቶሎ ይነደፋል?

ደብረ ታቦር ላይ ዲጂታል ንድፍ የሚማሩ ልጆች ኮምፒውተር ሊገዙ ሲነሡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ፈጣን ኤስኤስዲ ባስገባ ቪቫዶ ይፈጥንልኛል?» ገንዘቡ የቤተሰብ ነው፤ ለዲስክ የወጣ ብር ለራም አይተርፍም። ስለዚህ የትኛው ሥራ እንደሚፈጥን ለይቶ መመለስ ያስፈልጋል።

ቪቫዶም ሆነ ኳርተስ፣ ሁለቱም የዲጂታል ንድፍ ፕሮግራሞች፣ የሚሄዱበት መንገድ ተቀራራቢ ነው። በቬሪሎግ ወይም በቪኤችዲኤል የተጻፈውን ንድፍ ወደ ሎጂክ ክፍሎች ይለውጣሉ፤ ክፍሎቹን ኤፍፒጂኤ በሚባለው፣ ሎጂኩ እንደገና ሊዋቀር በሚችለው ቺፕ ላይ ቦታ ያስይዛሉ፤ እርስ በርስ ያገናኟቸዋል፤ ምልክቱ በጊዜው መድረሱን ያሰላሉ፤ በመጨረሻ ቺፑ ላይ የሚጫነውን ፋይል ያወጣሉ። በትልልቅ ንድፎች ላይ ብዙውን ሰዓት የሚበላው ቦታ ማስያዙና ማገናኘቱ ነው። ይህ ደግሞ ስሌት ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ አቀማመጥ ይሞክራል፣ ይመዝናል፣ መልሶ ይቀይራል። መረጃው ራም ውስጥ ስላለ ዲስኩ በዚያ ሰዓት ሥራ ፈት ነው።

60 ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ ውስጥ የዲስክ ድርሻ 3 ደቂቃ ነው እንበል። ዲስኩ 10 እጥፍ ቢፈጥን የምናተርፈው 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በጂን አምዳል ስም የሚጠራው ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ አንድን ክፍል በማፍጠን የሚገኘው ትርፍ ክፍሉ ከጠቅላላው ጊዜ ከያዘው ድርሻ አይበልጥም።

የደብረ ታቦር ሰው ለዚህ ምሳሌ ሩቅ አይሄድም። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚሁ አጠገባችን፣ ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር፤ ለመድፉ መንገድ እያስጠረቡ። የጋፋት ምድጃ እጥፍ ቢፈጥን ኖሮ ያ ጉዞ በአንድ ቀን አያጥርም ነበር።

ይህ ማለት ግን ኤስኤስዲ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የተበታተነ ፋይል ፍለጋ በየጊዜው 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ያጠፋል፤ ቪቫዶ ሲከፈት ደግሞ የሚነካው ፋይል ብዙ ነው። ኤስኤስዲ ሲገባ ፕሮግራሙ ቶሎ ይከፈታል፤ የሰርኪዩት ቦርድ መንደፊያው የኪካድ ላይብረሪ ቶሎ ይጫናል፤ ሲሙሌሽን የሚያወጣው ትልቅ የሞገድ ፋይል ቶሎ ይጻፋል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ከሚያነበው የሳታ ኤስኤስዲ 3,500 ወደሚያነበው ኤንቪኤምኢ መዝለል ግን ለንድፍ ሥራ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ራም ሲያንስ ኮምፒውተሩ ዲስኩን በራም ምትክ ስለሚጠቀም ያኔ የዲስክ ፍጥነት ይታወቃል። የዚያ መድኃኒቱ ግን ራም መጨመር ነው።

እኛ አገር ኤስኤስዲን የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር የአየር ትራስ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከድንበሩ ብዙም አትርቅም። ከ4,100 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ጉና ራስ የሚወጣ መሣሪያ ደግሞ ድንበሩን ያልፋል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንሳፈፍም የሚሽከረከርም ነገር የለም። ሳሳ ያለው አየራችን ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ዝቅተኛ ስለሆነ የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ከአቧራ ማጽዳት አይዘንጋ፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ያዘገያል።

መብራት ሲጠፋ የሚባክነው ሰዓትም ከዲስክ ፍጥነት ጋር አይወዳደርም። ቪቫዶ ከዋና ዋና ደረጃዎች በኋላ ቼክፖይንት ይጽፋል፤ መብራት ሲመለስ ከ«ሀ» ሳይሆን ከመጨረሻው ቼክፖይንት መቀጠል ይቻላል። ያልተቀየረውን የንድፍ ክፍል እንደገና አለማስላትም የዚሁ ዘዴ ወንድም ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት ይሻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰውን የሚያሳስት ነገር አለ፦ ታስክ ማናጀር ፕሮሰሰሩ 12 በመቶ ብቻ እየሠራ እንደሆነ ሲያሳይ «እንግዲያው ዲስኩ ነው የያዘኝ» ይባላል። 8 ኮር ባለው ማሽን 12 በመቶ ማለት ግን አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። ቪቫዶ ዊንዶውስ ላይ ካልተነገረው በቀር በ2 ክር (ትሬድ)፣ ሊነክስ ላይ በ8 ክር ነው የሚሠራው። ስለዚህ የኮሮቹን ሥራ አንድ በአንድ፣ የዲስኩንም የሥራ ድርሻ ለብቻው እዩ።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ሃርድ ዲስክ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ርካሽም ቢሆን ኤስኤስዲ አስገቡ። ኤስኤስዲ ካላችሁ ግን የተረፋችሁን ብር በመጀመሪያ ለራም፣ ቀጥሎ ነጠላ ኮሩ ለሚፈጥን ፕሮሰሰር አውሉት።