ስሙ የተፋቀ መጽሐፍ

የብራና መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንዳስጻፈውና ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ራሱ ይመሰክራል፤ የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውንም ይገዝታል። ዛሬ መጻሕፍቱ ፎቶግራፍ እየተነሡ በኮምፒዩተር ፋይል ይቀመጣሉ። ፋይሉም የተነሣበትን ቀን፣ አንዳንዴም ስፍራውንና ያነሣውን ሰው የሚገልጽ መረጃ ይይዛል፤ ባለሙያዎች ሜታዳታ ይሉታል።

ነቀፋችን በመረጃው አያያዝ ላይ ነው። ፋይሎችን በራሱ እየተቀበለ መጠናቸውን የሚያሳንስ ፕሮግራም፣ አስቀድሞ ካልታዘዘ፣ ሥዕሉን አሳልፎ መረጃውን ብዙ ጊዜ ይጥላል። ዋትስአፕም በፎቶግራፍነት የተላከውን ሲያሳንስ እንዲሁ ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት በደማም ወይም በኾባር የሚሠራ ምእመን እንዲህ ያለውን ገጽ በስልኩ ቢቀበል፣ ቃሉን ያነባል፤ የየትኛው ገዳም ሀብት እንደ ሆነ ግን አያውቅም። መጽሐፉ ቢሰረቅም ሥዕሉ ብቻውን ባለቤቱን አይመሰክርም።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ግን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቍጥር ሰጠ፤ እነ ዊልያም ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ካታሎግም መጽሐፉ የተገኘበትን ስፍራ መዘገበ። ስለዚህ ማስረጃነቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

እንግዲህ ፕሮግራሙን የሚያዘጋጅ ሰው የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነካ ያኑር፤ የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስና የቅጠሉን ቍጥር በሌላ መዝገብም ይጻፍ፤ ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ሁለቱን ያመሳክር። ሰው ስም ሲፍቅ ግዝቱን ሊፈራ ይችላል፤ መኪና ግን ግዝት አያውቅም። ጥበቃው መኪናውን በሚያዝዘው ሰው ላይ ነው።