በንስሐ አባት ፊት

ከክርስቲያናዊ ሥርዓታችን ሁሉ የልብን ቅንነት እንደ ኑዛዜ የሚፈትን ያለ አይመስለኝም፤ በአደባባይ የተከበረው ባለማዕረግ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ምናልባትም ከልጁ በዕድሜ በማይበልጥ ቄስ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ሲል፣ ማንም ያልመሰከረበትን በገዛ አንደበቱ ይመሰክራልና። እርግጥ፣ ትንሿን ኃጢአት እየዘረዘረ ትልቋን «ብዙ በድያለሁ» በሚል ቃል የሚሸፍን ተነሳሒም አይታጣም፤ አስተዋይ ካህን ግን አይቆጣውም፣ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ምሥጢሩ ከሁለቱ እንዳይወጣ በሥርዓት የተጠበቀ፣ ጾሙ፣ ስግደቱና ምጽዋቱም እንደ አቅሙ የሚታዘዝለት በመሆኑ፣ ሰውየው ለእውነት ይደፍራል። የንስሐ አባቱን ለጠበል ጸዲቅ ብቻ የሚጠራ አንባቢ ካለ፣ እባክዎ፣ ለኑዛዜም ይጥሯቸው።