የተፈጥሮ ጥናት ከክፍል ውጭ፤ የአና ኮምስቶክ መጽሐፍ ለእኛ መምህር ምን ያህል ይበጃል?

አሜሪካዊቷ ወይዘሮ አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ የተፈጥሮ ጥናት መምሪያቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። መነሻው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለኒውዮርክ ግዛት የገጠር መምህራን ይዘጋጁ የነበሩ አጫጭር ጽሑፎች ሲሆኑ፣ እነዚህም የተጀመሩት በ1890ዎቹ እርሻ ተዳክሞ የገጠሩ ወጣት ወደ ከተማ በሚጎርፍበት ወቅት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም መጽሐፉ ከአንባቢ እጅ አልጠፋም። ስለዚህ የአካባቢ ሳይንስ ለሚያስተምሩ መምህሮቻችን ያለውን ጥቅም መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ደራሲዋ የሚጀምሩት ከብርቅ አውሬ ሳይሆን ከዶሮ ነው። ልጆቹ የዶሮዋን የጀርባ ላባ ከደረቷ ላባ ጋር እንዲያስተያዩ፣ ላባዎቹም እንደ ቤት ክዳን እንዴት እንደተደራረቡ እንዲመለከቱ፣ ዝናብ ሲመታት እንዴት እንደምትቆም እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። እነዚህ በዐይንና በእጅ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። (ዶሮ ወደ ክፍል ሲገባ ሳቅ ይነሣ ይሆናል፤ ይነሣ።) በእኛ ዘንድ ግን ዶሮዋ በመስኮቱ ሥር እየጫረች ልጁ «የአዕዋፍ ጠባያት»ን ከሰሌዳ ሲገለብጥ ማየት እንግዳ አይደለም።

መምህሩ የማያውቀውን ነገር «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» እንዲል መምከራቸውም ትልቅ ቁም ነገር ነው። የልጁ የመስክ ደብተር የራሱ ንብረት በመሆኑ፣ ከማበረታታት በቀር ሊተች እንደማይገባው ያሳስባሉ። እርማትን የማስተማር ዋና ምልክት አድርጎ ለሚቆጥር ሁሉ ይህ ምክር መራራ ነው።

ጉድለቱ ከአደረጃጀቱ ይጀምራል። በየትምህርቱ ከጥያቄዎቹ በፊት ለመምህሩ የተጻፈ ረጅም ትረካ ይቀድማል። ትረካው ያማረ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ማስታወሻ ማስጻፍ በለመደ መምህር እጅ ትረካው ማስታወሻ ሆኖ ጥያቄዎቹ ይቀራሉ። መጽሐፉ እንዳለ ቢተረጎም ደራሲዋ የሸሹትን ልማድ ያጠናክር ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የወቅት ነው። የመጽሐፉ ዛፎችና ወፎች የዚያ አገር ሲሆኑ፣ በረዶውም የዚያው አገር ክረምት ነው። እነዚህን መለወጥ አያስቸግርም። የሚከብደው የጊዜ አቆጣጠሩ ነው። በእኛ አገር ምድር በምትለመልምባቸው በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በመስከረም ሲከፈት አደይ አበባ ሜዳውን አልብሳ ትቆያለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትረግፋለች። የአበባ ትምህርት በመማሪያ መጽሐፉ መካከል ከተቀመጠ፣ ክፍሉ እዚያ የሚደርሰው ሜዳው በደረቀበት በጥር ነው። ያን ጊዜ ከሥዕል በቀር ምን ይቀራል?

ስለዚህ ከመጽሐፉ መወሰድ ያለበት የአጠያየቅ ስልቱ ነው፤ ቅደም ተከተሉ በእኛ ወራት ሊቀረጽ ይገባል። ወይዘሮ ኮምስቶክ ስለ ሱፍ አበባ ያዘጋጁት ትምህርት ለአደይ በሚገባ ይስማማል፤ ሁለቱ ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸውና። ልጁ አንድ አበባ ብሎ የቀጠፋት አደይ በርካታ ጥቃቅን አበቦች በአንድነት የተሰበሰቡባት መሆኗን፣ ዙሪያዋን የከበበው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠልም ራሱን የቻለ አበባ መሆኑን በጥፍሩ ፈልቅቆ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ሳምንታት ከግቢው አጥር ማዶ የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ነው።