ደሙ የተቀዳበት ሰዓት

ኮዴይን የሕመም ማስታገሻነት ኃይሉን በአብዛኛው የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ለዋጩ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ በሆነ ቅጂ ይዘዋል። እንዲህ ያለው ሰው የተለመደውን መጠን ቢወስድ፣ ሞርፊኑ በዝቶ ትንፋሹን ሊያዳክምበት ይችላል።

ታዲያ ዘረ መሉን አንብቦ መድኃኒቱን መምረጥ አይበቃም? አይበቃም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ኢትዮጵያና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸረ። የዘረ መል ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ አገር ቤት ባሉት ላይ ኢንዛይሙ ሥራው ዘገምተኛ ነበር። የኑሮ አካባቢም የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው። መልቲ ኦሚክስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ዲኤንኤን፣ አርኤንኤን፣ ፕሮቲንንና ሜታቦላይትን (በሰውነት ኬሚካዊ ሂደት የሚገኙ ትናንሽ ሞለኪውሎችን) አንድ ላይ አይቶ የሰውነትን የዛሬ ሁኔታ ለማወቅ።

በእኛ የቤተ ሙከራ ሥራ ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዲኤንኤ ታጋሽ ነው፤ ደሙ ቢዘገይም ይነበባል። አርኤንኤ ግን ቶሎ ይበላሻል። ሜታቦላይት ደግሞ የቁርስንም የሰዓትንም ወሬ ያወራል። የደሙ ፈሳሽ ከሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን መብላት አያቆሙም፤ ግሉኮሱ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ሰኞ ቶሎ የቀዘቀዘው ናሙናና ዓርብ መኪና ሲጠብቅ የዋለው በአንድ ሰንጠረዥ ከተሰለፉ፣ ኮምፒዩተሩ በሽታ ብሎ የሚያሳየን የመጓጓዣ መዘግየትን ሊሆን ይችላል። የሕሙማኑ ናሙና በአንድ ሳምንት፣ የጤነኞቹ በሌላ ሳምንት ከተሠራማ ልዩነቱ የበሽታው ይሁን የሳምንቱ የሚነግረን ስሌት የለም። ስለዚህ በየምርመራው ዙር የሕሙማኑንና የጤነኞቹን ናሙናዎች አሰባጥሮ መሥራት ግድ ነው።

ቁጥሩም ያስታል። ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረ መሎቻችን ብቻ 20,000 ያህል ናቸው፤ የአንድ ጥናት ተሳታፊዎች ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ይህን ያህል ነገር ሲለካ በአጋጣሚ የሚገጣጠም አይጠፋም። በሌሎች ሰዎች ላይ ተሞክሮ ያልጸና ውጤት ለሐኪም መሰጠት የለበትም።

ውድ ማሽን መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ደም የምትቀዱ ባልደረቦቼ፦ የተቀዳበትንና የቀዘቀዘበትን ሰዓት፣ ሰውዬው መጾም አለመጾሙን፣ የሚወስደውንም መድኃኒት ጻፉ። ይህ መረጃ ከጎደለ ማንኛውም ማሽን መልሶ አያመጣውም።