የመሸጋገሪያ ቤትና የቀድሞ ወታደር፤ «ሊቭ ኖ ትሬስ» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሒስ

«ሊቭ ኖ ትሬስ» የተባለው ፊልም፣ ትርጓሜውም «ዱካ አታስቀር» እንደ ማለት ነው፣ በደብራ ግራኒክ አዘጋጅነት ተሠርቶ በ2018 ለሕዝብ የቀረበ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፊልሙን ያዩ ጓደኞቻችን ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጫካው ውበትና ስለ አባትና ልጅ ፍቅር ነው፤ ዋናውንም ሰው ከከተማ ኑሮ የሸሸ ነጻነት ወዳድ አድርገው ይቆጥሩታል። እኛ ግን በዚህ አስተያየት አንስማማም። ፊልሙ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ቤት ያልነበረው የቀድሞ ወታደር ቤት ከተሰጠው በኋላ ስለ ምን ሊቀመጥበት እንዳልቻለ የሚያሳይ ነው ብለን እናምናለን። የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት የሚከታተል ሁሉ ሊያየው የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉድለቱንም የምንነቅፈው ከዚሁ በመነሣት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዊል የተባለ፣ ከጦርነት የተመለሰና አእምሮው የቆሰለ ወታደር፣ ቶም ከምትባል የ13 ዓመት ሴት ልጁ ጋራ በኦሬጎን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ክልል በሚገኘው ፎረስት ፓርክ በተባለው ሰፊ ጫካ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። አንድ ቀን መንገደኛ ልጅቱን ያያታል፤ ፖሊስ ይመጣል፤ ሁለቱም ይያዛሉ፤ ለየብቻም ይመረመራሉ። ከዚያም የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የገና ዛፍ በሚያለማ በአንድ ባለ እርሻ መሬት ላይ ቤት ያገኝላቸዋል። አባትየው በእርሻው እንዲሠራ፣ ልጅቱም ትምህርት ቤት እንድትገባ ይወሰናል። ጥቂት ከቆዩ በኋላ ግን አባትየው ልጁን ይዞ ይሸሻል። ለፊልሙ መሠረት የሆነው ፒተር ሮክ በ2009 ያሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ልብ ወለዱም የተነሣው በ2004 በዚያው ጫካ ውስጥ ከተገኙ እውነተኛ አባትና ልጅ ነው።

ከፊልሙ ክፍሎች ሁሉ እጅግ የተዋጣለት የምንለው የምርመራው ክፍል ነው። ዊል ከአንድ ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጣል፤ መሣሪያው በማይለዋወጥ ድምፅ ከአራት መቶ የሚበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ያነብለታል፤ እርሱም ለእያንዳንዱ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ መመለስ አለበት። መጀመሪያ ለመመለስ ይሞክራል፤ ቀጥሎ ማሰብ ይጀምርና ይዘገያል፤ መሣሪያው ግን አይጠብቀውም። ተዋናዩ ቤን ፎስተር በዚህ ሥፍራ ብዙ አይናገርም፤ ሆኖም ሰውየው በምን ዓይነት ጭንቀት ላይ እንደሚገኝ ከፊቱ እናነባለን። ይህን ክፍል ያደነቅነው ደግሞ አዘጋጂቱ መሥሪያ ቤቱን ጨካኝ አድርጋ ስላላቀረበችው ነው። ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ለሰውየውም መልካም ያስባሉ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥያቄ ሲዥጎደጎድ፣ «ለመሆኑ አንተ በምን ዓይነት ቤት ልትኖር ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አላየንም።

የተሰጠው ቤት ደግሞ ሊጤን ይገባል። በእርሻው ላይ ባለቤቱ፣ አሠሪው፣ ቤት ሰጪውና በጎ አድራጊው አንድ ሰው ነው። ሰውየው ደግ ነው፤ ይሁን እንጂ ዊል ሥራውን ቢተው በቤቱ ሊቆይ እንደማይችል ለተመልካች ግልጽ ነው። ሥራውስ ምንድን ነው? የተቆረጡት ዛፎች በሄሊኮፕተር እየተነሡ ይጓጓዛሉ። በሌሊት የሄሊኮፕተር ድምፅ እያባነነው ለሚነሣ ወታደር ቀኑን ሙሉ ሄሊኮፕተር የሚያንዣብብበት ሥራ ተመረጠለት ማለት ነው። ይህን ቦታ የመረጠው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን ወታደሩን የሚያስደነግጠው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ምርጫው ሲደረግ አልነበረም። ዊል ቤቱ እንደ ገባ ቴሌቪዥኑን አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲከተው ተመልካች ይሥቃል። እኛም ሥቀናል፤ ኋላ ስናስበው ግን፣ በራሱ ፈቃድ ሊለውጠው የቻለው የቤቱ ዕቃ እርሱ ብቻ መሆኑ ታየን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ፣ አባትና ልጅ ገና ሳይያዙ፣ ዊል ወደ ከተማ ወርዶ ከቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል መድኃኒት ይቀበላል፤ መድኃኒቱንም በድንኳን ለሚኖሩ ሌሎች ወታደሮች ይሸጥና ምግብ ይገዛበታል። እንግዲህ ሆስፒታሉ ይህን ሰው ያውቀዋል፤ ስሙ በመዝገብ አለ፤ ሕመሙም ተጽፏል። ቤቱን ያገኘለት መሥሪያ ቤት ወደዚህ ሆስፒታል አንድ ጊዜ እንኳ ስልክ ሲደውል ፊልሙ አያሳየንም። አንደኛው ወገን መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ሁለተኛው ቤት ይሰጠዋል፣ ሁለቱም ስለ አንድ ሰው እንደሚሠሩ አይተዋወቁም። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ማስተባበር ያለበት ይህንኑ ነው።

ይህን የምንለው በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሥርዓት ስላልነበረ አይደለም፤ ነበረ፤ አሁንም አለ። በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመሸጋገሪያ ቤት ለሚያዘጋጁ ድርጅቶች ለአንድ ወታደር በቀን እያሰበ ገንዘብ ይከፍላል፤ ወታደሩም እንደ ደንቡ እስከ 24 ወር ሊቆይ ይችላል። ከዚሁ ፕሮግራም ውስጥ አንደኛው ዓይነት እጅግ ደስ ያሰኘናል፤ በዚህ ዓይነት ጊዜው ሲያልቅ የሚሄደው አገልግሎቱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ የኪራይ ውሉ በስሙ ይሆንና እዚያው ይቀራል። ሌላው ሥርዓት ደግሞ፣ እርሱም በ1992 ተጀምሮ ከ2008 ወዲህ እጅግ የሰፋው፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶችን ያጣምራል፤ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የኪራይ ድጋፍ ይሰጣል፣ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ደግሞ ጉዳዩን የሚከታተል ሠራተኛ ይመድባል። ተከራዩ ከገቢው ሠላሳ በመቶ ያህል ይከፍላል። በ2012 ይኸው መሥሪያ ቤት «መጀመሪያ ቤት» የሚለውን መመሪያ ተቀብሏል፤ ይኸውም ሰውየው መጠጥ እስኪተው ወይም እስኪታከም ሳይጠበቅ ቤቱ ይሰጠው፣ ሌላው ኋላ ይምጣ ማለት ነው። በ2010 በአንድ ሌሊት ቆጠራ ቤት አልባ ሆነው የተገኙት የቀድሞ ወታደሮች ከ74 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በጥር 2024 በተደረገው ቆጠራ 32,882 ሆነዋል። ይህ ቁጥር ዛሬም አሳፋሪ ነው የሚል ካለ አንከራከረውም፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ መቀነሱ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም።

እንግዲህ ፊልሙን የምንነቅፈው በዚህ ላይ ነው። አዘጋጂቱ የዊልን መሸሽ እንደ ተፈጥሮው፣ እንደማይቀር ዕጣ አድርጋ ታቀርበዋለች። እኛ ግን ከሽሽቱ በፊት የተዘለሉትን ደረጃዎች በጣታችን ልንቆጥር እንችላለን፦ የስንብት ወረቀቱን አይቶ ምን እንደሚገባው የነገረው የለም፤ ከእርሱ በፊት በዚያው መንገድ ካለፈ ሌላ ወታደር ጋራ ያገናኘው የለም፤ ሥራውን ሳያጣ ቤቱን፣ ቤቱንም ሳያጣ ሥራውን ሊለውጥ አይችልም። ጉዳያቸውን የያዘችው ሠራተኛ፣ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ትታያለች። ሌላ ስንት መዝገብ በጠረጴዛዋ ላይ እንደ ተከመረ ቢያሳዩን ኖሮ ፊልሙ በፍርዱ ይበልጥ ትክክለኛ በሆነ ነበር።

«ፊልም የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አይደለም፤ ይህ ሰው ሁሉም ቢሟላለት እንኳ ከጣራ በታች አይቀመጥም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ከፊሉን እንቀበላለን። ማንንም በግድ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ደግሞም አይገባም። ነገር ግን የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ራሱ ለእኛ ይመሰክራል። ዊል በዋሽንግተን ግዛት ጫካ ውስጥ ተጎድቶ ከወደቀ በኋላ፣ በተጎታች ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ይቀበሉታል። ዴል የምትባል ሴት ያለ ምንም ፈተና ቤት ትሰጣቸዋለች። ቀድሞ በጦር ሠራዊት ሐኪም ረዳት የነበረ ጎረቤት ቁስሉን ያክምለታል፤ እርሱም ሌሊት ይባንን እንደ ነበረ ያውቃልና ውሻውን ያውሰዋል። ማረፊያ፣ ሕክምና፣ የሚያውቅህ ወታደር፣ ሁሉም በአንድ ሥፍራ ተገኙ። መሥሪያ ቤቱ ያልቻለውን እነዚህ ድኾች ያለ ደመወዝ ቻሉት። ዊል ከዚያም ቢሆን ይሄዳል፤ ቶም ግን ትቀራለች፤ ቶማሲን መኬንዚ የልጅቱን ውሳኔ የተጫወተችበት መንገድ ምንም ዓይነት ነቀፋ አይገባውም።

ይህን ሁሉ ስናነሣ የራሳችንን አገር መርሳት አልቻልንም። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ወታደሮች ተበትነዋል፤ ለእነርሱም መቋቋሚያ በዚያው ዓመት ኮሚሽን ቆሞ ነበር። ከኅዳር 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ደግሞ ሥራው ለብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተሰጥቷል። በ1959 የተከፈተው፣ ኋላም ተዘግቶ በ2004 እንደገና የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነገ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ከዚሁ ፊልም የሚርቅ አይደለም፦ የጡረታው መዝገብ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ሕክምናው በሌላው፣ የቀበሌው ቤት ደግሞ በሦስተኛው ሲሆን፣ ከሦስቱ በር እየተመላለሰ ደጅ የሚጠናው ማን ነው? ወታደሩ ራሱ ነው ወይስ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሠራተኛ?

ከፊልሙ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ዴል በጫካ ውስጥ ብቻውን ለሚኖር አንድ ሰው የምግብ ከረጢት በዛፍ ላይ ትሰቅልለታለች። ሰውየው ራሱ አይታይም፤ ስሙን የጠየቀውም፣ ፎርም ያስሞላውም የለም። ከረጢቱ ግን ባዶ ይሆናል፤ እርሷም ተመልሳ ትሞላዋለች።