ማንም ያልመራው ጉዞ፦ «ዳርክ ስታር» በፊልሞር ዌስት መድረክ

በመድረክ ላይ በቅጽበት የሚፈጠር ሙዚቃ ለሐያሲ አስቸጋሪ ነው። የተጻፈ ድርሰት ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል፤ የተጠና ዘፈን ከሸክላው ጋር ይነጻጸራል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው መድረሻውን ሳያውቁ የጀመሩት ጨዋታ ግን በምን ይመዘናል? «ግሬትፉል ዴድ» የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1969 በሳን ፍራንሲስኮ ፊልሞር ዌስት አዳራሽ የተጫወተው «ዳርክ ስታር» ይህን ጥያቄ በግልጽ ከሚያነሡ ቅጂዎች አንዱ ነው። ከሃያ ሦስት ደቂቃ የሚበልጠው ይህ ጨዋታ በዚያው ዓመት በኖቬምበር «ላይቭ ዴድ» በሚል ርእስ በወጣው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ላይ የመጀመሪያውን ገጽ ለብቻው ሞልቶታል።

ዘፈኑ ሲወለድ እንዲህ ረዥም አልነበረም። በ1968 በነጠላ ሸክላ የወጣው የስቱዲዮ ቅጂ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አጽሙም ትንሽ ነው፦ ሮበርት ሃንተር የጻፋቸው ሁለት አጫጭር አንጓዎች፣ የሚመላለስ አንድ የጊታር ሐረግ፣ እምብዛም ከቦታቸው የማይነቃነቁ ጥቂት ኮርዶች። ግጥሙ የሚጠፋ ኮከብንና የሚበታተን ብርሃንን ያነሣል፤ አዝማቹ ደግሞ የቲ. ኤስ. ኤልየትን «የጄ. አልፍሬድ ፕሩፍሮክ የፍቅር ዘፈን» መክፈቻ የሚያስታውስ የ«እንሂድ» ግብዣ ነው። ወዴት እንደሚኬድ ግን አይናገርም። መልሱ ለመሣሪያዎቹ የተተወ ነው።

በአንድ ቅኝት ውስጥ ረዥም ሰዓት መቆየት ለክራርና ለመሰንቆ አድማጭ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። አዝማሪ በአንድ ቅኝት ላይ ሲመላለስ ቅኔው እንዲደምቅ ነው፤ መሰንቆው ቃሉን ያጅባል። በ«ዳርክ ስታር» ነገሩ ተገልብጧል። ቃሉ በጉዞው መካከል እንደተተከለ ምልክት ድንጋይ ነው፤ መንገደኛው አይቶት ያልፋል እንጂ አይቀመጥበትም።

በዚያ ምሽት ጨዋታው የተነሣው «ማውንቴንስ ኦቭ ዘ ሙን» ከተባለው ዝግተኛ ዘፈን ውስጥ ነው፤ የፊተኛው የት እንዳለቀና የኋለኛው የት እንደጀመረ መለየት ያዳግታል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ገደማ የመተዋወቂያ ናቸው። ጄሪ ጋርሲያ በጊታሩ ቀላል ዜማ ያነሣል፤ ጨርሶ ሳይጨርሰው ይተወዋል። ፊል ሌሽ ቤዝ ጊታሩን እንደተለመደው መሠረት ለመጣል ሳይሆን ሁለተኛ ዜማ ለመናገር ይጠቀምበታል። ሌሽ በሚልስ ኮሌጅ ከሉቺያኖ ቤሪዮ ዘንድ ድርሰት የተማረ፣ ቤዝ ግን ወደ ባንዱ በገባበት በ1965 የጀመረ ሰው ነው። የቤዝን ልማድ አለማወቁ እዚህ ላይ ጠቅሞታል። ሁለቱ ከበሮ መቺዎች ቢል ክሮይትስማንና ሚኪ ሃርት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምቱን ለመምራት አይሽቀዳደሙም፤ ያጅባሉ፣ ይጠብቃሉ።

ከመጀመሪያው አንጓ በኋላ ሙዚቃው ይሳሳል። ድምፆቹ ይራራቃሉ፤ ምቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ የቶም ኮንስታንተን ኦርጋን ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር ሆኖ ይቀራል። ደካማ ባንድ እዚህ ቦታ ላይ ይደነግጥና ክፍተቱን በጩኸት ይሞላዋል። እነዚህ ግን ዝምታውን አልፈሩትም። ቀስ በቀስ አንዱ የጣለውን ሐረግ ሌላው እያነሣው ዜማው ይሰበሰባል፣ ይወጣል፣ ይበራል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብም ያ የመጀመሪያው ሐረግ ሲመለስ አድማጩ ድንገት አገሩ እንደገባ መንገደኛ ይሆናል። ይህ አቅጣጫ በወረቀት ላይ አልተነደፈም፤ በመደማመጥ ብቻ የተገኘ ነው።

የመደማመጡ ዋጋ በውል የሚገባው ግን ከጥቂት ወራት በፊት የሆነውን ለሚያስታውስ ነው። በ1968 ሁለተኛ አጋማሽ ባንዱ የሪትም ጊታር ተጫዋቹን ቦብ ዌርንና ፒግፔን በሚል ቅጽል የሚታወቀውን ሮን ማክከርናንን፣ ሙዚቃው ከደረሰበት ውስብስብነት ጋር አይራመዱም በሚል ሊያሰናብታቸው አስቦ ነበር፤ በኦክቶበርም የቀሩት ያለ እነርሱ መድረክ ላይ ወጥተዋል። ስንብቱ ግን አልጸናም። በፊልሞር ዌስት ቅጂ ዌርን ለይቶ የሚያዳምጥ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል። ዌር ኮርድ እየደረደረ አያጅብም፤ በጋርሲያና በሌሽ መካከል በምትገኝ ጠባብ ቦታ ሦስት አራት ድምፅ ጣል ያደርግና ይሸሻል። እነዚያ ጥቂት ድምፆች ባይኖሩ የሁለቱ ንግግር ወደ ክርክር በተለወጠ ነበር። ሊባረር የነበረው ሰው የቤቱ ምሰሶ ሆኖ ተገኝቷል።

የፒግፔን ነገር ግን ያስቆጫል። የብሉዝ ዘፋኙና የኦርጋን ተጫዋቹ በዚህ ዘፈን ውስጥ ድርሻው ከኮንጋ ብዙም አላለፈም፤ ኦርጋኑም ለኮንስታንተን ተሰጥቷል። በዚሁ አልበም «ተርን ኦን ዩር ላቭ ላይት» ላይ አዳራሹን እንዳሻው የሚያንቀሳቅስ ዘፋኝ በ«ዳርክ ስታር» ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ ስለዚህ ሙዚቃ ሲነገር «ሁሉም እኩል የሚናገርበት» ማለት ውዳሴን ማብዛት ነው። ነፃነቱ የራሱ የመግቢያ ደንብ ነበረው። የዘፈኑም ድክመት ከዚሁ አይርቅም፦ የጋርሲያ ድምፅ ሁለቱን አንጓዎች ለመሸከም የሳሳ ነው፤ ቃላቱም ተራቸው ሲደርስ ከሙዚቃው ከፍታ ወረድ ይላሉ። በመካከለኛው ክፍል አንዳንዱ ፍለጋም ፍለጋ መሆኑ ቀርቶ መጠበቅ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የቅጂው ነው። ለአንድ ሌሊት የተፈጠረው ሸክላ ላይ ሲሰፍር ደንብ ወደ መሆን ይሄዳል። «ጃም ባንድ» የሚል ስም የተሰጣቸው የኋለኞቹ ቡድኖች ርዝመቱን ከዚህ ተምረዋል፤ ብዙዎቹ ግን ዝምታውን አልተማሩም። ባንዱ ራሱ ይህን ቅጂ ሊደግም አልሞከረም፦ ዘፈኑን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በመድረክ ሲጫወተው በየጊዜው ሌላ መንገድ ይዟል፤ በ1990 በናሳው ኮሊሲየም ብራንፎርድ ማርሳሊስን ከነሳክስፎኑ አስገብቶበታል። ካናዳዊው ጆን ኦስዋልድ በ1994 ማውጣት በጀመረው «ግሬይፎልድድ» በተሰኘ ሥራው ወደ መቶ የሚጠጉ ቅጂዎችን አንድ ላይ ሲሸምን፣ ከመካከላቸው «ትክክለኛ» የሚባል እንደሌለ በተግባር አሳይቷል። በ2005 የፊልሞር ዌስት አራት ምሽቶች ተሟልተው በአሥር ሲዲ ሲወጡም፣ ታዋቂው ቅጂ ከወንድሞቹ መካከል አንዱ ሆኖ ታየ እንጂ አባታቸው ሆኖ አልታየም።

ይህም ክብሩን አይቀንስበትም። የፌብሩዋሪ 27ቱ «ዳርክ ስታር» ፍጹም ስለሆነ አይደለም መደመጥ ያለበት። ስድስት ሰባት ሰዎች ያለ መሪ፣ ያለ ወረቀት፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ሊለያዩ ተቃርበው የነበሩ ሰዎች፣ ለሃያ ሦስት ደቂቃ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይቆርጥ ሲነጋገሩ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚወጣ ስለሚያሰማ ነው። ጋርሲያ በ1995 አረፈ፤ ባንዱም በዚያው ዓመት ስሙን ዘጋ። ሸክላው ግን ሲሽከረከር ጉዞው አሁንም ሊጀመር ነው፤ ተጫዋቾቹም መድረሻውን ገና አያውቁትም።