ጠይቆ መድረስ፦ የ«ሞሮዊንድ» የመጀመሪያ ሰዓታት

«ሞሮዊንድ» ተጫዋቹን የሚቀበለው በእስረኛነት ነው። የአሜሪካው ቤተስዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ይህ የክፍት ዓለም ጌም ሲጀምር፣ ማንነቱ ያልተነገረን አንድ ሰው በመርከብ ሆድ ውስጥ ከእንቅልፉ ይነቃል። አጠገቡ ያለው ጂዩብ የተባለ እስረኛ ስሙን ይጠይቀዋል፤ ተጫዋቹ ለገጸ ባሕርይው ስም የሚያወጣለት ለዚህ ጥያቄ ሲመልስ ነው። ወደብ ላይ የሚጠብቀው ሰው ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ ዘሩ በዚያ ይወሰናል። በቆጠራና ቀረጥ ቢሮ የተቀመጠው ሽማግሌ ደግሞ ሙያውንና የተወለደበትን ኮከብ ይመዘግባል። የዚህ ዘውግ ጌሞች ብዙውን ጊዜ ከታሪኩ ውጭ በሰንጠረዥ የሚያስሞሉት ነገር ሁሉ እዚህ የታሪኩ አካል ሆኗል። ተጫዋቹ ገና በነፃነት አንድ እርምጃ ሳይራመድ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በመዝገቡ አስፍሮታል፤ ነፃ የሚወጣውም በዚያው መንግሥት ትእዛዝ ነው። ይህ ግንኙነት ኋላ ላይ ለሚመጣው ሁሉ መሠረት ስለሆነ፣ መክፈቻው በጌም ታሪክ ውስጥ በጥበብ ከተጻፉት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሩ ሲከፈት የምናየው ሴይዳ ኒን የምትባል ረግረጋማ ዳር ያለች ትንሽ የወደብ መንደር ነው። ቤቶቹ ከሌሎች ምናባዊ ታሪኮች የምናውቃቸውን የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ጎጆዎች ይመስላሉ። ከመንደሩ ጥግ ግን ረጃጅም እግሮች ያሉት፣ እንደ ግንብ የገዘፈ ነፍሳት ቆሟል። ስልት ስትራይደር ይሉታል፤ የጀርባው ቅርፊት ተቦርቡሮ ለመንገደኞች መቀመጫ ሆኗል፣ ነጂውም የሚመራው የተጋለጠ የውስጥ አካሉን እየነካካ ነው። ከዚያ አልፎ ዛፍ የሚያህሉ እንጉዳዮች በጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። የዘመኑ ኮምፒውተሮች ሩቅ ቦታን አጥርተው ማሳየት ስላልቻሉ ጭጋጉ የአቅም ውስንነት መሸፈኛ ነበር፤ ለጌሙ ግን በጅቶታል፤ ቫርደንፌል የተባለችው ደሴት ከእውነተኛ ስፋቷ ይልቅ የገዘፈች ትመስላለች።

ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኃይል ከዚህ እንግዳ ገጽታ የመነጨ አይደለም። ኃይሉ ያለው መንገድ በሚገኝበት ዘዴ ነው።

ተጫዋቹ የሚሰጠው አንድ ጥቅል ደብዳቤ፣ ጥቂት ወርቅና አንድ የመንገድ መመሪያ ነው። ባልሞራ ወደምትባለው ከተማ ሂድ፣ በደቡብ ግንብ መጠጥ ቤት ስለ ካየስ ኮሳዴስ ጠይቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያዝ የለም። ወዴት መዞር እንዳለበት በየእርምጃው የሚጠቁም ቀስት፣ በካርታ ላይ የሚበራ ነጥብም የለም። ኮሳዴስ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ትልቅ ተልእኮም እንዲሁ ነው፦ ሙንሞት ምሽግን አልፈህ፣ የጥንቱን ድልድይ ተሻግረህ፣ ወደ አንድ ፍርስራሽ በር ትደርሳለህ። ደርሶም በሩ አይከፈትም፤ እዚያው አካባቢ ያለውን መዘውር ፈልጎ ማዞር የተጫዋቹ ፋንታ ነው።

ፈረንሳዊው አሳቢ ሚሼል ደ ሴርቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ስለ ዕለታዊ ኑሮ በሚያትት መጽሐፉ ሁለት ዓይነት የቦታ አገላለጾችን ይለያል። አንዱ ካርታ ነው፤ ምን ከምን አጠገብ እንዳለ ከላይ ሆኖ ያሳያል። ሌላው ጉዞ ነው፤ ወደ ቀኝ ታጥፈህ ትገባለህ እያለ ሰሚውን ያስኬዳል። ደ ሴርቶ የጠቀሰው የኒው ዮርክ ነዋሪዎች ጥናትም አብዛኞቹ ቤታቸውን የገለጹት በጉዞ መልክ እንደነበር ያሳያል። አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቤታችንን የምንጠቁመው ከታክሲ ስትወርድ ዳቦ ቤቱን አልፈህ ወደ ግራ እያልን ነው። «ሞሮዊንድ» ደሴቷን በዚህ ቋንቋ ጽፏታል። ይህን ለማድረግ የቻለበት ምክንያትም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ቀዳሚው «ዳገርፎል» እጅግ ሰፊ ምድሩን በአብዛኛው በኮምፒውተር ስሌት የፈጠረ ስለነበር፣ አንድ ድንጋይ ከሌላው የሚለይበት ነገር አልነበረውም። «ሞሮዊንድ» ስፋቱን አሳንሶ ቦታውን በእጅ ሠራ። ድልድዩን አንድ ሰው አስቦ ስላኖረው ሌላ ሰው ሊጠቁመው ቻለ።

የተከታዮቹ ጌሞች ታሪክ ይህን ከሌላው ጎን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን» ወደ ግቡ የሚጠቁም ኮምፓስ ይዞ መጣ፤ የ2011ዱ «ስካይሪም»ም በዚያው ቀጠለ። ተጫዋቹ ጊዜ ቆጠበ፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን መንገድ መንገር አቆሙ። ቀስቱ ሥራቸውን ስለወሰደባቸው ንግግራቸው ቢዘለልም የሚጎድል ነገር የለም። የጌም ተመራማሪው ኤስፐን ኦርሴት እ.ኤ.አ. በ1997 አንባቢው ተራ ያልሆነ ጥረት ካላደረገ የማያልፋቸው ጽሑፎች እንዳሉ ጽፏል። «ሞሮዊንድ» ያንን ጥረት ከማንበብ ጋር አስተሳሰረው፤ መመሪያውን አጣርቶ ያላነበበ አይደርስም።

ከሴይዳ ኒን ብዙም ሳይርቅ፣ መንገዱ ላይ፣ ከሰማይ ጩኸት ይሰማል። ታርሂኤል የተባለ ጠንቋይ ወርዶ ይከሰከሳል። አስከሬኑን የፈተሸ ሰው ሦስት የአስማት ጥቅልሎችና አንድ ማስታወሻ ያገኛል። ጥቅልሉ የመዝለል ችሎታን ከልክ በላይ ያሳድጋል፤ ግን የሚቆየው ለ7 ሰከንድ ብቻ ነው። የዘለለው ሰው ገና አየር ላይ ሳለ ኃይሉ ያልቃል፤ ማረፊያው ሞት ነው። ምሁሩ ሄንሪ ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የጌም ሠሪዎች ከተራኪነት ይልቅ ወደ ሥነ ሕንፃ ባለሙያነት ይቀርባሉ፣ ታሪክን በቦታ ውስጥ ያኖራሉ ሲል የተከራከረበት ጽሑፍ ለዚህ ትዕይንት የተጻፈ ይመስላል። ማንም ተልእኮ አልሰጠም፣ ማንም አላስጠነቀቀም፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ የወደቀው ሰው ነው። ያም ሆኖ ትዕይንቱን አይቶ ጥቅልሉን የሚሞክረው ብዙ ነው፤ በዚህ ዓለም እውቀት የሚገኘው ጎዶሎ ሆኖ መሆኑን በራሱ አካል ይማራል። በረግረጉ ዳር ከነመዝገቡ የተገኘው የግብር ሰብሳቢ አስከሬንም ሠሪዎቹ ይህን ዘዴ አውቀውበት እንደተጠቀሙ ያረጋግጣል።

የጌሙ ጉድለት ቀላል አይደለም። ሰይፉ ጠላትን ሲመታ በዓይናችን እያየን ስሌቱ ስቷል ይለናል፤ ጀማሪ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ደጋግሞ ይስታል። የማስታወሻ ደብተሩም ሁሉን ነገር በቀን ቅደም ተከተል ስለሚያከማች ተልእኮን ከተልእኮ ለይቶ ማግኘት አድካሚ ነበር፤ ጌሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ የተለቀቀው «ትራይቢውናል» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ነው ያሻሻለው። ለእኔ ግን ከባዱ ጉድለት ሌላ ነው። ሁሉ ነገር በመጠየቅ ላይ በቆመበት ጌም ውስጥ ተጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ አንድ አፍ አላቸው። የባልሞራው ነጋዴና የሌላ ከተማ ዓሣ አጥማጅ ስለ አንድ ጉዳይ ሲጠየቁ ቃል በቃል ያንኑ ይመልሳሉ። መንገድ ሲጠቁሙ ሰው ናቸው፤ ስለ አገራቸው ሲያወሩ መዝገበ ዕውቀት ይሆናሉ።

ጠያቂው ራሱስ ማን ነው? ኮሳዴስ በመጀመሪያ እይታ በሱስ የተጎዳ ሽማግሌ ይመስላል፤ እውነተኛ ሥራው ግን በደሴቷ የንጉሠ ነገሥቱን ሰላዮች መምራት ነው። ጥቅሉን ፈትቶ ካነበበ በኋላ እንግዳውን ወዲያው አያሰማራውም፤ ሂድ፣ ሥራ ያዝ፣ ሕዝቡን ልመድ ይለዋል። ቫርደንፌል ለውጭ ሰፋሪዎች የተከፈተችው በቅርቡ ነው፤ የአገሬው ደንመሮች መጤውን በጥርጣሬ ያዩታል፣ ባርነትም እዚያ ሕጋዊ ነው። ስለዚህ ከሰው ሰው እየጠየቀ መንገድ የሚማረው እንግዳ የሚማረውን ሁሉ ይዞ የሚመለሰው ወደ ሰላዮቹ አለቃ ነው። ተጫዋቹ በየመንደሩ ያገኘው ቸርነት የገዢው መንግሥት መረጃ ይሆናል። ጌሙ ይህን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ በመክፈቻው መዝገብ ላይ ያሰፈረውን ሰው ሥራ ላይ ማዋሉን ብቻ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የትንቢትና የጀግንነት ታሪክ፣ ሰፊና ድንቅ ቢሆንም፣ ይህን ያህል ደፋር አይደለም።

ስለዚህ «ሞሮዊንድ»ን ዛሬ ለሚጀምር አንባቢ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የኮሳዴስን ቤት ከኢንተርኔት አይፈልግ። መመሪያውን አንብቦ ባልሞራ ይግባ፤ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ይጠይቅ፤ ሲነገረውም የሰማውን ለማን ይዞ እንደሚሄድ ያስብ።